«አለ»፦ አንድ የአማርኛ ራፕ እንዴት ይጻፋል?

«ራፕ በአማርኛ አይሄድም።» ይህን አባባል ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ ይባላል፣ ካፌ ውስጥ ይባላል፣ ቤተሰብ መሀልም ይባላል። የሚሉት ሰዎች ምክንያት አያጡም፤ ቃላቱ ይረዝማሉ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ በግስ ያልቃል፣ ምቱ የኛ አይደለም ይላሉ። እኔ ደግሞ ላለፉት አምስት ዓመታት ራፕ የምሠራው በአማርኛ ብቻ ነው። ታዋቂ አይደለሁም። ዩቲዩብ ላይ የለቀቅኳቸው ዘፈኖች ሦስት ናቸው። ቀን ቀን ሞባይል እጠግናለሁ፣ ማታ ማታ እጽፋለሁ። አራተኛውን ዘፈኔን ሰሞኑን ጨርሻለሁና፣ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ሁለት ጥያቄ እዚሁ ልመልስ፦ ከማን ተማርክ? ግጥሙንስ እንዴት ነው የምትሠራው?

የመጀመሪያው ፍሎው

«ከማን ተማርክ?» የሚለኝ ሰው የሚጠብቀው የአሜሪካ ስም ነው። እውነት ነው፣ ናስን ሰምቼ አድጌያለሁ፤ ኬንድሪክ ላማርንም እንደዚያው። ግን እነሱን ከመስማቴ በፊት ጆሮዬ የተከፈተው በታክሲ ረዳት ነው። «ፒያሳ ፒያሳ ፒያሳ!» ሲል አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ «ሁለት ሰው የቀረው!» ብሎ ይዘጋል። ሁልጊዜ በአንድ ልክ ነው፤ አያጥርም፣ አይረዝምም። ጠዋት ጠዋት በሰፈራችን የሚያልፈው ቆራሌውም የራሱ ዜማ አለው። ቃሉን ጎትቶ፣ ጫፉን ከፍ አድርጎ ይጠራል። ፊቱን ሳታዩ በድምፁ ብቻ የትኛው ቆራሌው እንደሆነ ትለያላችሁ። ራፐር ለዓመታት የሚለፋው ለዚህ እኮ ነው፤ ፊቱን ሳያዩ በድምፁ እንዲለዩት።

ከዚያ ላሊበላዎቹ አሉ። ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ ቆመው በዜማ የሚለምኑትን ማለቴ ነው። አሁን ኮንዶሚኒየም የሚኖር ልጅ ላያውቃቸው ይችላል። እኛ ሰፈር ሲመጡ ግን መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ጎረቤት መጠየቅ ነበር። የዚህ ቤት ጌታ ማን ይባላል? ልጆቹስ? ከዚያ በራችን ላይ ቆመው ስማችንን እየጠሩ ያሞግሱናል። ግጥሙ ለእኛ ቤት የተሠራ ነው፤ ቀጣዩ ቤት ሲደርሱ ሌላ ስም፣ ሌላ ሙገሳ ይሆናል። ልጅ ሆኜ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ ስሜን በዜማ ስሰማ የተሰማኝን ነገር እስካሁን የትኛውም ዘፈን አልሰጠኝም።

አዝማሪውንም አልረሳም። እናንተም ሠርግ ላይ አይታችሁ ይሆናል፤ አንዱ ተነስቶ «ተቀበል!» ይላል፣ ሁለት ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ከአየር ላይ ቀልቦ በማሲንቆው ይመልሰዋል። ሰው የሚስቀው ሰውየው በወረወረው ነው፤ የሚያጨበጭበው ግን አዝማሪው በጨመረባት ነገር ነው። ራፐሮች ክብ ሠርተው ቆመው በየተራ የሚያወርዱትን ፍሪስታይል መጀመሪያ በቪዲዮ ሳይ «ይሄማ ተቀበል ነው» ነበር ያልኩት።

የመጨረሻዋ አስተማሪዬ አያቴ ናቸው። እማማ ጎጃም ሳሉ የታወቁ አልቃሽ ነበሩ። የሰው ሞት ሲሰማ ይጠሯቸዋል፤ ሟቹን ባያውቁት እንኳ ሁለት ሦስት ሰው ጠይቀው፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ ማንን እንደተወ ሰምተው፣ ለቅሶው መሀል ገብተው ሙሾውን ያወርዱታል። አይጽፉትም፤ ወረቀት ላይ ምንም የለም። ሁሉም እዚያው በቆሙበት ነው የሚወለደው። ዛሬ እኛ ጋ ሽሮ ሜዳ ነው የሚኖሩት፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ትውስታቸው ግን ከእኔ ስልክ ይበልጣል።

ከብሮንክስ እስከ ሙላቱ

ሂፕ ሆፕ የተወለደበትን ቀን ብዙ ሰው የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 ነው። ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ አንዲት ልጅ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ድግስ አዘጋጀች፤ ሙዚቃውን የሚያጫውተው ወንድሟ ነበር። ዲጄ ኩል ኸርክ እንለዋለን። የተወለደው ጃማይካ ነው። ሰው በጣም የሚጨፍረው ዘፋኙ ዝም ሲልና ከበሮው ብቻውን ሲቀር መሆኑን አስተዋለ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ ያቺን የከበሮ ቦታ ደጋገማት። በዚያች ምት ላይ ሰው መናገር ጀመረ፤ በቃ፣ ራፕ ከዚያ መጣ። የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ለኔ አንድ ነው፦ ልጁ አዲስ መሣሪያ አልገዛም፤ ከቤቱ የነበረውን ሸክላና ከጃማይካ ይዞት የመጣውን የአጨዋወት ልማድ ነው የተጠቀመው።

የኛ ሙዚቃም እዚያ ታሪክ ውስጥ ገብቷል። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምሮ፣ የኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር አጋብቶ የሠራቸው ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ1998 «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው የፈረንሳይ ተከታታይ አልበም ቁጥር 4 ሆነው ወጡ። ከዚያ በኋላ የቢት ሠሪዎች ሲሳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 የካሊፎርኒያው ፕሮዲውሰር ኦ ኖ ከአሮጌ የኢትዮጵያ ሸክላዎች ቆራርጦ ሙሉ አልበም ሠራ። በዓመቱ ናስና ዴሚያን ማርሊ በጋራ ያወጡት አልበም መክፈቻ ዘፈን የቆመው በሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። እኔ ያንን ዘፈን ስሰማ «ይሄ ምት ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ስፈልግ ስፈልግ ነው ሙላቱ ዘንድ የደረስኩት። የራሴን ሀገር ሙዚቃ በናስ በኩል ዞሬ አገኘሁት ማለት ነው። እኔ ዕድሜ ያላችሁ ብዙዎቻችሁም በዚያው መንገድ እንደመጣችሁ እገምታለሁ።

እዚህ ቤት ደግሞ መንገድ የጠረጉልን አሉ። ቴዲ ዮ በ«ጉራጌቶን» የጉራጊኛ ጭፈራና ራፕ አብረው እንደሚሄዱ አሳየን። ልጅ ሚካኤል በ«ዛሬ ይሁን ነገ» የሰፈር ልጅ አማርኛ ሙሉ ዘፈን መሸከም እንደሚችል አስመሰከረ። እነሱን የሰማ ሰው «አይሄድም» የሚለውን አባባል እንዴት እንደሚደግመው ይገርመኛል።

አማርኛ የሚከለክለውና የሚሰጠው

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ይህ ለራፐር ወጥመድ ነው፤ ምክንያቱም ቤት መምታት በጣም ቀላል ይሆናል። «መጣሁ፣ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ወጣሁ» ብትሉ ሁሉም ቤት መታ፤ ግን ምንም አልተሠራም። የመምቻውን ሥራ የሠራው ሰዋስው እንጂ ገጣሚው አይደለም። ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አውጥቻለሁ፦ በተከታታይ ሁለት ስንኝ በግስ አልጨርስም። ግሱን ወደ መሀል አመጣዋለሁ፣ ጫፉ ላይ ስም አስቀምጣለሁ። ስንኙ ወዲያው ይለወጣል፤ ጆሮ የማይጠብቀው ነገር ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን አንድ ቃል ጠብቆ ይነበብ ወይም ላልቶ አያሳይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነን፤ ሲጠብቅ ደግሞ አለቃ ነው። ጽሑፍ ላይ አንድ ናቸው፣ አፍ ላይ ሁለት ናቸው። የቅኔ ሊቃውንት በሰምና ወርቅ፣ በኅብረ ቃል ሲጫወቱ የኖሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ እኮ ሁለት ቤት ብቻ ነው ያለው፤ በሁለት መስመር ሁለት ዓለም ይናገራል። አንድ ራፐር ከዚህ በላይ ምን ትምህርት ይፈልጋል?

ሦስተኛው የፊደሎቹ ድምፅ ነው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ የሚባሉት ጠንካራ ፊደሎች ማይክ ላይ ሲወጡ ራሳቸው ከበሮ ናቸው። «ጨለማ» ስትሉ የመጀመሪያዋ ፊደል ስንጥቅ ትላለች፤ «ቀጠቀጠ» የሚለው ቃል ደግሞ ያለ ቢትም ቢት ነው። እነዚህን ቃላት ሃይሃቱ የሚመታበት ቦታ ላይ ሆን ብዬ አስቀምጣቸዋለሁ።

አራተኛው ምቱ ነው። «ራፕ አራት በአራት ነው፣ የኛ ጭፈራ ስድስት በስምንት ነው፣ አይገጥሙም» ይላሉ። ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የአትላንታዎቹ ሚጎስ «ቨርሳቼ» የሚለውን ዘፈን ሲለቁ ዓለም ሁሉ ያወራለት የነበረው ሦስት ሦስት እየተቆጠረ የሚሄደው ፍሎው ነው። ሦስት ሦስት የሚቆጠር ምት ደግሞ እኛ ከእናታችን ጀርባ ላይ ሆነን የሰማነው ችክችካ ነው። ሠርግ ላይ እስክስታ የወረደ ሰው ያንን ፍሎው ለመያዝ ትምህርት አያስፈልገውም፤ ትከሻው ያውቀዋል።

ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ

የምንቀዳው የጓደኛዬ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ያረጀ ፍራሽ ሰቅለናል፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ኤፍኤል ስቱዲዮ። ጓደኛዬ ቢቱን ይሠራል። ቤዙ እ.ኤ.አ. በ1980 ከወጣው 808 የሚባል የከበሮ ማሽን የመጣ ድምፅ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ራፕ የሚሠራ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይጠቀምበታል። ከላዩ ላይ ግን ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰል ወይም ከአንቺሆዬ አንዱን ይመርጣል። አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆኑ ለራፐር ቦታ ይለቃሉ፤ ቃሉን አይጋፉም።

የድሮ ዘፈን ቆርጠን ለመጠቀም ብዙ ጊዜ አምሮን ያውቃል። ነገር ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለ፤ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ፈቃድ ለመግዛት ገንዘብ የለንም። ስለዚህ ክራር የሚጫወት የሰፈር ልጅ ጠርተን አዲስ ነገር እናስመታለን፤ እሱን እንቆርጠዋለን። እንዲያውም ተሻለ፤ ድምፁ የማንም ሳይሆን የኛው ሆነ።

ግጥሙን መጀመሪያ አልጽፈውም። ቢቱን ስልኬ ላይ ጭኜ ታክሲ ውስጥ እሰማዋለሁ፤ በቃል ፈንታ «ታ-ታ-ታም» እያልኩ ምቱን በአፌ እፈልጋለሁ። ወደ ድምፅ መቅጃው አንሾካሹካለሁ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ያመመኝ ይመስለዋል። ምቱ ከተገኘ በኋላ ነው ቃል የማስገባው። ከዚያ ማስታወሻዬ ላይ እጽፋለሁ፣ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ምላሴን የሚይዘውን አወጣለሁ። መብራት ከሄደ ደግሞ ላፕቶፑ ባትሪው እስኪያልቅ እንሠራለን፤ ካለቀ በጨለማ ቁጭ ብለን ያለ ቢት እንለማመዳለን። ብዙ ጥሩ ስንኝ ያገኘሁት በጨለማው ነው።

መርዶ ያልመጣለት ሰው

አራተኛው ዘፈን ስለ ወንድሜ ነው። ታላቄ በ2014 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወጣ። ሱዳን ገባ፣ ከዚያ ሊቢያ። ከሄደ በአምስተኛው ወር ደወለ፤ «ቀጥሎ ስደውል ከባሕሩ ማዶ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። እዚህ የተወውን ሲም ካርድ እናቴ አሮጌ ኖኪያ ውስጥ ከትታ፣ ቀንና ሌሊት ክፍት አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ ወንድሜ በቃሉ የሚያውቀው ሌላ ቁጥር ላይኖር ይችላል ብላ ነው። ቁጥሩ እንዳይዘጋባትም በየጊዜው ካርድ ትሞላለች። እኔ ጠጋኝ ነኝና የስልኩን ባትሪ የምቀይረው እኔ ነኝ።

ቢቱን እንደሰማሁት የሱ ዘፈን እንደሆነ አውቄያለሁ። የትዝታ ቅኝት ነው፣ ክራሩ ቀስ ይላል። ችግሩ ግን ቃሉ ነው። ስለማይመለስ ሰው የሚገጠመውን ግጥም ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ በአያቴ ጉልበት ሥር ነው ያደግሁት። ለሱ ሙሾ ባወርድ ሰው ሁሉ ያለቅሳል። ዘፈኑም «ይሄዳል»። ግን ወንድሜ ሞቷል ያለ ሰው የለም። አንድ ስንኝ ከመጻፌ በፊት እማማን ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ የት እንዳለ ለማይታወቅ ሰው ምን ይባላል?»

መቁጠሪያቸውን አቁመው ዝም አሉ። ከዚያ «መርዶ ሳይመጣ ሙሾ አይወርድም፣ ልጄ» አሉኝ። «ሙሾ ካወረድክ አንተው አረዳኸን ማለት ነው። እናትህን ማን መርዶ ነጋሪ አድርጎ ላከብህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ዝም ልበል?»

«አታንጎራጉርም? እንጉርጉሮ የሕያው ነው። እኔ ልጄ ሲዘምት እህል እየፈጨሁ አንጎራጉር ነበር። ለሞተ ሰው አልነበረም፤ ለመንገደኛ ነበር።»

ይህ ምክር ዘፈኑን ከሥሩ ለወጠው። ሙሾ «ነበር» ይላል፤ «እንዲህ ነበርክ፣ እንዲህ ታደርግ ነበር» እያለ ይሄዳል። እንጉርጉሮ ግን ጉዳዩን አይዘጋም። ስለዚህ ሙሉ ዘፈኑ ውስጥ «ነበር» የሚል ቃል እንዳይኖር ወሰንኩ። ሞክሩት እስቲ፤ ለአራት ዓመት ያላያችሁትን ሰው «ነበር» ሳትሉ ሦስት ደቂቃ አውሩበት። እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ይገባችኋል።

ሁኩ የተገኘው ከዚህ ሕግ ነው። «ነበር» ከሌለ የቀረኝ «አለ» ነው። «አለ» ደግሞ ከነዚያ ሁለት ፊት ካላቸው ቃላት አንዱ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይኖራል። እንዲህ ሆነ፦

«ወንድሜ አለ፤ "እደውላለሁ" አለ፤
ስልኩ ዝም ቢልም፣ ወንድሜ አለ።»

የመጀመሪያው ዙር ላይ ሁሉንም አላልቼ እላቸዋለሁ፤ የተናገረውን የምተርክ እመስላለሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ የመጨረሻዋን ብቻ አጠብቃታለሁ፤ 808ቱም እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው። ሦስተኛው ዙር ላይ ሁሉም ይጠብቃሉ። ቃሉ አልተለወጠም፣ ጽሑፉ አልተለወጠም፤ ዘፈኑ ግን ከወሬ ወደ እምነት ሄዷል። «አማርኛ ለራፕ አይሆንም» ለሚለኝ ሰው ከእንግዲህ የማሰማው ይህንን ነው።

ቨርሱ ውስጥ ያለችዋን አንዲት ስንኝም ልጨምርላችሁ፦

«ባትሪውን እኔ ቀየርኩት፣ ሁለቴ በዓመቱ፤
ተስፋዋን ግን ማን ይሙላው፣ ሲጎድል በየሌሊቱ?»

ሁለቱም መስመር በግስ አላለቀም። «መሙላት» ስልክም ይሞላል፣ የጎደለ ነገርም ይሞላል። ቤት የሚመታው ጊዜ ከጊዜ ጋር ነው፤ ዓመቱ ከሌሊቱ ጋር። እናቴ የምትቆጥረው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ፈቃድ

ዘፈኑን ከመጫኔ በፊት እናቴ መስማት ነበረባት። አንዲት ቃል ከከበደቻት እንደማልለቀው ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ቢቱም ልፋቱም ይቅር፤ የሷን ሐዘን ለላይክ አላወጣም። የጆሮ ማዳመጫዬን ሰጠኋት፤ አንዱን ጆሮዋ ላይ ብቻ አደረገች። ሌላኛውን ለኖኪያው ተወችው መሰለኝ። አላለቀሰችም። ሲያልቅ «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት።

«ስሙ የታለ?» አለች።

ስሙን ሆን ብዬ ነበር ያላስገባሁት፤ እሷን እንዳያማት ብዬ።

«ስሙን ጨምርበት። እዚያ ያሉት ልጆች ስልክ አላቸው አይደል? አንዱ ቢሰማው ሌላው ይሰማል። የማን ወንድም እንደሆነ ካልታወቀ ዘፈኑ ምን ይሠራል?»

እኔ ስለ ፍሎው ሳስብ እሷ አድራሻ እያሰበች ነበር። በማግስቱ ሰርቪስ ቤቱ ገብተን መጨረሻው ላይ አዲስ ክፍል ቀዳን። ክራሩ ይቆማል፣ ከበሮው ይቆማል፣ ስሙን ከነአባቱ ሦስት ጊዜ እጠራለሁ፤ ረዳት መድረሻውን እንደሚጠራው፣ ላሊበላ ደጅ ላይ ቆሞ የቤቱን ልጅ እንደሚጠራው። ከዚያ የሰፈራችንን ስም። ከዚያ ዝምታ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ዘፈኑ ውስጥ ግን አለ፤ ጠብቆ የሚነበበው።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው። ራፕ ልትሞክሩ የምታስቡ ልጆች መሣሪያ እስክትገዙ አትጠብቁ። አያታችሁ ጋ ሂዱና ልጅ ሳሉ ምን ያንጎራጉሩ እንደነበር ጠይቁ፤ ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ታክሲ ውስጥ ጆሮ ማዳመጫችሁን ለአንድ ፌርማታ አውልቁ። የምታውቁትን ቃል አጥብቃችሁም አላልታችሁም በሉት፤ ሁለተኛ ትርጉም ተደብቆበት ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ሰው ስትጽፉ፣ ያ ሰው ወይም እናቱ እንደሚሰሙት አድርጋችሁ ጻፉ።

ዘፈኑ በዚህ ሳምንት ይለቀቃል። ባሕር ማዶ ወይም በረሃ ላይ ያለ ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎች አገናኙን ላኩላቸው፤ ለኔ እይታ ብዬ አይደለም። ቸር ወሬ ያሰማን።